ሁለት አኩራፊዎች ይዤ ወደ ሙዚየም

ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈሬ ከብሬብሩክ የተነሳሁት ሙዚየም ናፍቆኝ አይደለም። ልጄን ሳሮንንና ታላቅ ወንድሜን ጋሼ ታደሰን ላስታርቅ ነው። ከተኳረፉ ሁለት ወር ሆኗቸዋል፤ ለዚያውም በማን? በአዳምና በዝንጀሮ! ሳሮን ስለ ሰው አመጣጥ ትምህርት ቤት የተማረችውን እራት ላይ አነሳች። ጋሼ እጃቸውን ከትሪው ሰበሰቡና “እኔ በእግዚአብሔር አምሳል ነው የተፈጠርኩት። አንቺ ከዝንጀሮ መጣሁ ካልሽ ዘመዶችሽን ፈልጊ” አሏት። እሷም በእንግሊዝኛ መሃይም ብላ ሰደበቻቸው። እንግሊዝኛቸው ትንሽ ቢሆንም ይህችን ቃል ያውቋታል። ይቅርታ ካልጠየቀች ደጄን ላይረግጡ ምለው ወጡ። እሷም ሞቼ እገኛለሁ አለች።

በዚህ በስደት አገር ከጋሼ ሌላ ወንድም የለኝም። ሳሮንንም አባቷ ከሞተ ወዲህ እንደ አባት ሆነው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ይህ ግን ለሁለቱም ትዝ የሚላቸው አይመስልም። በመሃል ስልክ ሳመላልስ አንጀቴ ያረረው እኔ ነኝ።

ሳሮን የጥንት ሰው አጽሞች የተገኙበትን ካርታ ሠርታ ለክፍሏ ማቅረብ ስለነበረባት ሙዚየም ሄዳ ማየት ፈለገች። “መጥተው የምታየውን ይዩላት” ብዬ ጋሼን ለመንኳቸው። “ክህደቱን በዓይኔ አይቼ እመልሳታለሁ” ብለው እሺ አሉ።

ፉትስክሬይ ጣቢያ

የብሬብሩክ አውቶቡስ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣው ደስ ሲለው ነው። ፉትስክሬይ ስንደርስ ከሚኖሩበት ከዌሪቢ በባቡር የመጡት ጋሼ ፕላትፎርሙ ላይ ቆመው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እርሻ ላይ አበባ ጎመን ሲያሽጉ የሚከርሙት ሰውዬ ከረባት አስረዋል።

“እንደምን አደርሽ በያት” አሉኝ፤ ልጅቷ አጠገባቸው ቆማ!

“ቴል ሂም ሃይ” አለች እሷ።

ባቡሩ ውስጥ መሃላቸው ተቀመጥኩ። ወንዙም፣ መጋዘኖቹም፣ የወደቡ ክሬኖችም በመስኮቱ አለፉ፤ እኔ ምኑንም አላየሁት። በግራዬ ጋሼ “ዓለም ከተፈጠረች ሰባት ሺህ ስድስት መቶ ዓመት እንኳ አልሞላትም! በየዓመቱ መስከረም አንድ ቤተ ክርስቲያን ይታወጃል” ይላሉ። በቀኜ ሳሮን ለመስኮቱ “ሚሊየንስ” ትላለች።

ከተማ መሃል

የሙዚየሙ ትኬት መሸጫ ጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ ጠበቀኝ። ቦርሳዬን ስከፍት ጋሼ እጄን ያዙ። “እኔ ቆሜ? በሞቴ!” ክህደት ላሉት ቤት የሦስታችንንም መግቢያ ካልከፈልኩ ብለው ታገሉኝ። ትኬት ቆራጯ የምንጣላ መስሏት ደነገጠች።

ውስጥ ስንገባ ጋሼ አንድ ትልቅ የዳይኖሰር አጽም ስር ቆመው አንገታቸውን አቀኑና “ሲሚንቶ ነው” ብለው ፈረዱ። ሳሮን ጥላን ሄደች።

ሁዳዴ ስለነበር ለምሳ ዳቦ በምስር ይዤ ወጥቻለሁ። ደጅ ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ሳሮን የሥጋ ፓይ ገዝታ መጣችና እፊታቸው ቁጭ ብላ ገመጠች። ጋሼ ጀርባቸውን ሰጥተዋት የሚያልፈውን ትራም ያዩ ጀመር። እውነቴን ነው፣ ሁለቱንም እዚያው ጥያቸው ልሄድ ቃጥቶኝ ነበር።

ካርታው ፊት

ከምሳ በኋላ ወደ ውስጥ ተመለስን። አንድ ሸበቶ አስጎብኚ ትልቅ የአፍሪካ ካርታ ፊት ቆሞ የጥንት አጽሞች የተገኙባቸውን ቦታዎች ለጎብኚዎች ያሳያል። ከደቡብ ጀመረ፤ ታንዛኒያን ነካ፤ ኬንያን ነካ። ከዚያ ሳያልፍ ጋሼ እጃቸውን አወጡ።

“ስቶፕ! ኢትዮጵያ!”

እንግሊዝኛቸው እዚያ ላይ አለቀ። ሁለት ወር ያላናገሯትን ልጅ በክርናቸው ጎሸም አደረጓት።

“ንገሪው እንጂ! ድንቅነሽ የኛ ናት በይው! አፋር ነው የተገኘችው በይው! ሌላው ሁሉ ከእሷ በኋላ ነው በይው!”

ሳሮን ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ነከሰች። “ዕድሜዋን ስንት ልበለው ጋሼ?”

ጋሼ እኔን አዩ። ጣሪያውን አዩ። አስጎብኚው ጆሮውን ሰጥቶ ይጠብቃል።

“ሦስት ሚሊዮን በይው” አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ቶሎ ብለው “በነሱ አቆጣጠር!”

ሳሮን ተረጎመች። አስጎብኚው ወደ ኢትዮጵያ እየመጣ እንደነበር በትህትና ነገራቸው። ሰዉ ሁሉ ዞሮ ሲያያቸው ጋሼ ከረባታቸውን አስተካከሉ።

መልስ

ባቡሩ ላይ እንደ ጠዋቱ መሃል ልገባ ስል ሳሮን ቀድማኝ አጠገባቸው ተቀመጠች።

“ሦስት ሚሊዮን ካሉ ሰባት ሺሁ የት ገባ?”

“የሀገር ነገር ሌላ፣ የሃይማኖት ነገር ሌላ!”

“ይሄ መልስ አይደለም!”

“አዳም ከምን ተፈጠረ? ከአፈር። እሷስ ከየት ተቆፍራ ወጣች? ከአፈር! ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?”

“ጋሼ!”

ፉርጎው በሙሉ እኛን ያያል። ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ።

ፉትስክሬይ ላይ እኔና ሳሮን ወራጆች ነን፤ ጋሼ ወደ ዌሪቢ መቀጠል ነበረባቸው። ሳሮን እየተከራከረች ወረደች። እሳቸውም መልሳቸውን ሳይጨርሱ ተከትለዋት ወረዱ። በሩ ተዘጋ፣ ባቡራቸው ሄደ። ደጄን አልረግጥም ያሉት ትዝ እንዳይላቸው ፈርቼ ትንፍሽ አላልኩም፤ አውቶቡስ ውስጥም፣ የቤቴን በር ስከፍትም።

ከጉዞው ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ ስለ ሰው አመጣጥ ምንም። ይቅርታ የጠየቀ የለም፤ የተረታም የለም። ለዕርቁ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ከንቱ ቀረ። ጋሼ ሁለት ወር ባዶ የከረመው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው በሳሮን ካርታ ላይ “ኢትዮጵያን አሳንሰሻታል፣ አስፊያት!” እያሉ ይጮኻሉ። እሷም “ልኳ ይሄ ነው!” እያለች ትጮኻለች። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ የተረፈውን ምስር ሳሞቅ እንባዬ መጣ። ከደስታ ይሁን ከንዴት እንጃ።

“እናትሽ ግን ዛሬ ምን ነካት?” ሲሉ ሰማኋቸው። “ከፉትስክሬይ ጀምሮ ቃል አልወጣትም።”

“ተዋት ጋሼ” አለች ሳሮን። “እሷ እንደዚህ ናት፤ ታኮርፋለች።”