ከሰዓት በኋላ የሚፈጥነው የአባቴ ልብ

ይህ የሆነው ባለፈው የቡና ለቀማ ሰሞን ነው። ጭንቀቱ አልፏል፤ ሀፍረቱ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

እናታችን በልብ ሕመም ካረፈች ወዲህ የአባታችን ነገር እንቅልፍ ይነሳናል። አዲስ አበባ የሚሠራው ወንድሜ የልብ ምት የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ገዝቶ ላከላቸው። አባቴ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ባለች ሱቃቸው በርጩማ ይሠራሉ። ቀን አስረውት ውለው ማታ ቤት ሲገቡ፣ የዋለው ምት ሁሉ ወደ እኔ ስልክ ይገባል።

ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ግራ ገባኝ። ጠዋት ሰባ፣ ሰባ ሁለት ነው። ከሰባት ሰዓት በኋላ መቶ ሠላሳ፣ መቶ አርባ ይደርሳል! ወደ አስር ሰዓት ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ይረጋጋል። በየቀኑ እንዲሁ ነው።

ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ጠዋት መርምሯቸው "የጎረምሳ ልብ ነው ያላቸው" ብሎ ሸኘን። የዚያኑ ቀን ማታ ስልኬን ሳየው ያው መቶ አርባ። ሐኪሙን ልመን ወይስ ሰዓቱን? ጨው ቀነስኩ፣ ጮማ ከለከልኩ። ይባስ ብዬ ጅማ ተቀምጬ ቡና ከለከልኳቸው።

"አባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ከሰዓት በኋላ ጫት ይቅማሉ እንዴ?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ወላሂ፣ ከተውኩት ስንት ዘመኔ! ቡናዬን መልሺልኝና የፈለግሽውን ጠርጥሪ።"

አላመንኳቸውም። በማግስቱ እጅ ከፍንጅ ልይዛቸው ስምንት ሰዓት ላይ ሱቃቸው ሄድኩ። ስጠጋ ስልኬ ከሰዓቱ ጋር ተገናኘና መቶ አርባ ሁለት አለ። አባቴ ደግሞ እያፏጩ እንጨት ይልጋሉ። እጃቸውን አየሁ። ባዶ ነው። ስልኩን ደግሜ አየሁ፤ መቶ አርባ አራት።

"ሰዓቱስ?"

"አባ ፊጣ ጋ ነዋ! ለቀትሩ የዙሁር ሶላት ውዱእ ሳደርግ ውሃ እንዳይነካው አወልቀዋለሁ። ጎረቤት አይደሉ፣ የእሳቸውም ልብ ይቆጠር ብዬ እስከ ማምሻው የዐስር ሶላት እሳቸው ያስሩታል።"

አባ ፊጣ ከጎናቸው ማር የሚሸጡ የልጅነት ጓደኛቸው ናቸው። ዘወር ስል ሰዓቱን አስረው በራቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"አልሐምዱሊላህ!" አልኩ ሳላስበው፣ ጮክ ብዬ።

"አሚን፣ አሚን!" አሉ አባ ፊጣ በፈገግታ። "ኮቱ፣ ታኢ፣ ነይ ቁጭ በይ ልጄ። ይሄ ሰዓታችሁ ሰው ይወዳል። ትንሽ ስራመድ እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ሰላም እያለኝ ነው መሰል።"

ያኔ ነው የነቃሁት። ሰላምታ የመሰላቸው የሰዓቱ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ያ ሁሉ ምትም የእሳቸው ልብ ነው፤ የምስጋናዬ ትርጉም ገባኝ። ባጃጅ ጠርተን ሐኪም ቤት ይዘናቸው ሄድን። ሐኪሙ ብዙ ቢቆዩ ኖሮ ያሰጋቸው እንደነበር ነገረን። ዛሬ መድኃኒት ላይ ናቸው፤ ማራቸውንም እየሸጡ ነው።

ሰዓቱን አባቴ ለእሳቸው ሰጧቸው። እኔም ለአባቴ ቡናቸውን መለስኩላቸው። አባ ፊጣ ባገኙኝ ቁጥር "አንቺ ነሽ ያተረፍሽኝ" እያሉ ይመርቁኛል። በዚያች ደቂቃ ያመሰገንኩት በሽታው የእሳቸው በመሆኑ እንደነበር ልንገራቸው ወይስ ልተወው፣ እስከ ዛሬ ግራ እንደገባኝ ነው። እሳቸው ሲመርቁኝ እኔም አንገቴን ደፍቼ "አሚን" እላለሁ።