የፈረንጅ ሱፍ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለባለቤቴም ጭምር። እኔ ነቀምቴ ሚሲዮን ውስጥ ያደግሁ የወንጌል አማኝ ስለሆንኩ የንስሐ አባት የለኝም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ሳልጠይቅህ አንተን ሾሜሃለሁ። መስቀል መያዝ የለብህም፤ ትዕግሥት ካለህ ይበቃል።

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን ነው። ነቀምቴ ውስጥ የአንድ የድሆች መረዳጃ ማኅበር መጋዘን ጠባቂ ነበርኩ። ማኅበሩ በየቅዳሜው ለከተማው ችግረኞች ዱቄት፣ ዘይትና ከባሕር ማዶ የሚመጣ የዱቄት ወተት ያድላል። የኔ ሥራ ቁልፍ መያዝና ከረጢት ማንሣት ነው። ቢላ ከተማ ለሚኖሩት ለእጮኛዬ ቤተሰቦች ሽማግሌ ስልክ ግን «ሹም ነው በሉልኝ» ብዬ ነበር። ሽማግሌዎቹም አላሳፈሩኝም፤ «የነቀምቴ እህል በሙሉ በእጁ ነው» ብለው ተናገሩልኝ።

ያን ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ወተቱ መውጣት አቆመ። ከተረጂዎቹ ሴቶች የሚበዙት ጾመኞች ናቸውና ዱቄቱንና ዘይቱን ተቀብለው ወተቱ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ይሰበስባሉ። ጥፋቱ የነሱ ነበር? በፍጹም። ጥፋቱ የኔ ነበር። ከከረጢቶቹ ሥር ሳንቃ ማንጠፍ ሲገባኝ «ነገ አነጥፋለሁ» እያልኩ ከርሜ፣ ዝናቡ ሲጀምር መሬቱ እርጥበት ይሰጥ ጀመር። ወተቱ ገና አልተበላሸም፤ ግን እንዲህ እንደተቀመጠ ፋሲካን አይደርስም። የማኅበሩ ሊቀመንበር ወይዘሮ ደግሞ ለፋሲካ መጋዘኑን ሊያዩ እንደሚመጡ ላኩብኝ። ድንጋይ የሆነ ወተት ካዩ ቁልፉን ይቀበሉኛል። ቁልፉ ከሄደ ሹመቴ ሄደ፤ ሹመቴ ከሄደ ሙሽራዬም ቢላ ቀረች።

ታዲያ ምን አደረግሁ? ያኔም ቢሆን ሳንቃ ማንጠፍ እችል ነበር። እኔ ግን ውሸት አነጠፍኩ።

ጾመኛ የሚጠጣው ነጭ ነገር ምንድን ነው? የሱፍ ውሃ! ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ ሲጠለል ወተት ይመስላል። ቅዳሜ ጠዋት መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ «ይህ የፈረንጅ ሱፍ ነው! የጾም ነው!» ብዬ አወጅሁ። እኔ ነኝ ያወጅሁት፤ ማንም አላስገደደኝም። ከረጢቶቹ ላይ ላም ተስላ ስለነበር ቀደም ብዬ እያንዳንዷን ላም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሬያት ነበር። ለሳንቃ ያጣሁት ጉልበት ለላም ከየት መጣልኝ?

ከወረፋው ፊት የቆሙት አዴ ወርቄ ነበሩ። እንጨት ተሸክመው እየሸጡ የሟች ልጃቸውን ልጅ የሚያሳድጉ፣ ረቡዕና ዓርብን ስተው የማያውቁ ባልቴት ናቸው። ያን ሰሞን ሸክሙ ያንገዳግዳቸው ጀምሮ ነበር። የወረፋው ሴቶች ሁሉ የሚያዩት እሳቸውን ነው፤ እሳቸው ያልነኩትን ማንም አይነካም።

«አካም ቡልቴ፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ። ልጄ፣ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው። ከወተቱ ዱቄት ቆንጠር አድርገው አሸተቱና ትክ ብለው አዩኝ።

«ሱፍ ነው?»

«ሱፍ ነው፣ አዴ። በነሱ አገር ዛፍ ያህላል።»

«ኃጢአት ቢኖርበትስ በማን ነው?»

«በኔ!» አልኩ፣ ደረቴን እየመታሁ። ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ኃጢአት የሚከብድ አይመስለኝም ነበር።

«ኤዬ፣ እንግዲህ ያልከው አንተ ነህ» ብለው ጣሳቸውን ዘረጉ። ከኋላቸው ወረፋው በሙሉ ጣሳውን ዘረጋ።

ለፋሲካ መጋዘኑ ባዶ ሆነ። ወይዘሮዋ መጥተው «ትጉ ልጅ ነህ» አሉኝ፤ እኔም እጅ ነሥቼ ምስጋናውን ተቀበልኩ። ሙሽራዬንም ከቢላ አመጣሁ። በሠርጌ ዕለት አዴ ወርቄ መጥተው «ዋቅኒ ሲ ሃ ኤብሱ፣ እግዜር ይባርክህ» ብለው ሲመርቁኝ የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔው ግን እያደር ከበደ።

ከዓመታት በኋላ አዴ ወርቄ አልጋ ያዙ ሲባል ልናዘዝላቸው ሄድኩ። «አዴ፣ ያ ሱፍ...» ብዬ ስጀምር አቋረጡኝ።

«ላሚቱን አይቻታለሁ።»

«የትኛዋን ላም?»

«በሩ ጥግ ያለውን ከረጢት ረስተኸዋል። ደግሞስ እኔ ላም ሳልብ ያደግሁ ሰው፣ የወተት ሽታ ይጠፋኛል?» ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። «ጉልበቴ ከድቶኝ ነበር፣ ኢልማ ኮ። እኔ ብወድቅ ልጁን ማን ያነሣዋል? በሰው ፊት ጾም መግደፍ አፈርኩ። አንተ ስትዋሽ እኔም ያመንኩ መሰልኩ። ፋሲካ ሲያልፍ ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ፤ ስግደት ሰጡኝ፤ ሰግጄ ጨረስኩ።»

እንዴት ደስ አለኝ! ለካ ያታለልኩት ሰው የለም! ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ጆሮዬን ያዙኝ።

«ቆይ። ሌሎቹ ላሟን አላዩም። ሱፍ ብለው ነው የጠጡት። እኔን አይተው መጠጣታቸውን ጨምሬ ሰግጃለሁ። ማታለሉን ግን በኔ ነው ያልከው አንተ ነህ።»

በዚያው ሳምንት ዐረፉ።

ወተቱ ሳይጠቅማቸው አልቀረም እያልኩ ራሴን ለማጽናናት ሞክሬያለሁ። አልሆነልኝም። የተሰጠኝ የመጋዘኑ ቁልፍ ነበር፤ የጾማቸውን ቁልፍ ማን ሰጠኝ? እነዚያ ሴቶች ዱቄቱን ከሰው ጠብቀው፣ ዘይቱን ከሰው ጠብቀው፣ የራሳቸው የሆነው ነገር ጾማቸው ብቻ ነበር። እኔ እሱን ሰረቅኋቸው፤ ያውም ለሳንቃ ሰንፌ። አፍራለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሁዳዴ ሲገባ ወተት አልቀምስም። ባለቤቴ «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የምትጾመው?» ስትለኝ «ሆዴን ይነፋኛል» እላታለሁ። ይህም ውሸት ነው፤ ከዚያኛው ጋር ደምርልኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ይቅር በለኝ አልልህም፤ የተታለልከው አንተ አይደለህም። ከዚያ ወረፋ ዛሬ በሕይወት ያሉ እናት ካሉ ግን ይስሙኝ። እናቴ፣ ያ ሱፍ ወተት ነበር።