አባቴ የነከሰው ጣት

ነገሩ የተጀመረው እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። አባቴ የሰው ጣት ነከሰ።

የታናሽ እህቴ ሽምግልና ነበር። የልጁ ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ቤታችን መጡ። ተጸለየ፣ ተጠየቀ፣ ተፈቀደ፣ ምሳ ቀረበ። ምሳው መሃል ላይ የልጁ አክስት ጥብስ በእንጀራ ጠቅልለው ከመቀመጫቸው ተነሡ። እንዲህ ባለ ቀን አዲስ ዘመድ ሲያጎርስ እምቢ አይባልም። አባቴ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ሴትየዋ ጮኹ።

“ኧረ ጣቴን! ኧረ ይልቀቁኝ!”

አባቴ ግራ ገብቶት አያቸው። መንከሱን አላወቀም። አፉን የከፈተው ለምን እንደጮኹ ሊጠይቃቸው ነው፤ ጣታቸውም የወጣው ያኔ ነው። ጥፍራቸው ሥር ደም ቋጥሯል።

“ልጅቱን ሰጥተውን ጣቴን ሊያስቀሩት ነው?” አሉ፣ እጃቸውን እያራገፉ።

“ግዴለም፣ ጥሎሹ ላይ ይደመር!” አለ ከልጁ አጎቶች አንዱ።

እናቴ ከጓዳ በር ላይ ሆና፣ “እኔን እንኳ ነክሶኝ አያውቅም” ስትል ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሴትየዋም ሳቁ። አባቴ ብቻ አልሳቀም። መሐረቡን አፉ ላይ አድርጎ የታች ጥርሱን አወጣና ኪሱ ከተተው። ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አልጎረሰም።

አባቴ የታች ጥርሶቹን ካጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ድዱ ላይ የሚቀመጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነበረው። መጀመሪያ ልክ ነበር፤ እያደር ይላላ ጀመር። ዳቦውን ወተት ውስጥ ነክሮ ይበላል። ግብዣ ላይ “በልቼ ነው የመጣሁት” ይላል፤ በኋላ በኋላ ግብዣ መሄዱንም ተወው። ከእኔ ሌላ ይህን የሚያዋየው ሰው ስላልነበረ መሃል ከተማ ወዳለ ክሊኒክ ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ።  ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ አሳየን። መንጋጋው ከላይ እየተበላ ሳስቷል።

“አባባ፣ አጥንት ሥራ ይፈልጋል” አለው። “ሥራ የሚሰጠው የጥርሱ ሥር ነበር። ሥሩ ሲሄድ ሰውነትዎ አጥንቱን ቀስ እያለ መልሶ ይወስደዋል። ይኼ ያደረጉት ጥርስ ደግሞ ከላይ ይጫነዋል እንጂ አያሠራውም።”

ከፊት በኩል በጥርሱ ሥር ፈንታ ሁለት ቡሎን መንጋጋው ውስጥ ገባለት። አጥንቱ ቡሎኖቹን እስኪይዝ ወራት ጠበቅን፤ እስከዚያው ሐኪሙ የአሮጌውን ጥርስ ውስጡን ፍቆ እንዲያደርገው ፈቀደለት። ከዚያ አዲሱ ተሠራና ቡሎኖቹ ላይ ገጠመ፤ እንደ አሮጌው ይወልቃል። የሄደው አጥንት አይመለስም፤ ቡሎኖቹ ዙሪያ ያለው ግን ሥራ ስላገኘ ይቆያል አለን። የንክሻው ጉልበትም፣ የራስ ጥርስን ባያክል፣ በደንብ ጨመረ።

አዲሱ የተገጠመለት ቀን ሐኪሙ አንድ ነገር አስጠንቅቆን ነበር። የራስ ጥርስ ሥሩ ዙሪያ ስስ ሥጋ አለው፤ ምን ያህል እንደነከስን የሚነግረን እሱ ነው። ቡሎን ግን በቀጥታ አጥንት ላይ የተያዘ ስለሆነ እንደዚያ አይነግርም። “ስለዚህ ለጊዜው በቀስታ ይዝጉ” አለው። አባቴም እኔም የገባን ስለ ምግብ ነው፤ ስለ አጥንት፣ ስለ ጠንካራ ቆሎ። ሰው በገዛ እጁ እንደሚያጎርሰው ከሦስታችን ማናችንም አላሰብንም።

ማታ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አባቴ ጠራኝ።

“አሮጌውን አምጪልኝ።”

“እሱ እኮ ይላላል፣ አባዬ።”

“ይላላ። የላላ ጥርስ ሰው አይነክስም።”

“ሠርጉ ላይስ?”

“ሠርጉ ላይ አልበላም።”

የሙሽራዋ አባት በልጁ ሠርግ ላይ ሳይቀምስ ሲቀመጥ ምን እንደሚባል የታወቀ ነው። ያዘነ፣ ወይም ያልፈቀደ ይመስላል። ይህን ልነግረው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ግን እኔ ከአባቴ ጋር ተከራክሬ አላውቅም። አሮጌውን አመጣሁለት። ገበታ ላይ እራቱን በእሱ ሲያላምጥ፣ ጥርሱ ከድዱ እየተነሣ እየወደቀ ሲንቋቋ ሰማሁ። ሲተኛ አሮጌውን ከአፉ፣ አዲሱን ከኪሱ አውጥቶ በየብርጭቋቸው ውሃ ውስጥ አኖራቸው።

በማግስቱ ሰኞ ከሁሉም ቀድሜ ተነሣሁ። አሮጌውን ጥርስ ከውሃው አውጥቼ አደረቅኩት፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ የእጅ ቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁት። አዲሱን ከነብርጭቆው ገበታው ላይ አደረግኩ። አጠገቡ የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ አስቀመጥኩ። ዳቦውን አልነከርኩትም። ከዚያ ወደ ሥራ ወጣሁ።

ባጃጅ ውስጥ ስልኬ ጠራ።

“የት አደረግሽው?”

“ቦርሳዬ ውስጥ ነው።”

“የማን ቦርሳ?”

“የእኔ፣ አባዬ። ሥራ እየሄድኩ ነው። ማታ አመጣዋለሁ።”

  ባጃጁ የምሠራበት ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ሊደርስ ሲል፣ “በቀስታ ዝጋ፤ ትንሽ ትንሽ እየቆረስክ ጀምር” አልኩት። ስልኩን አልዘጋውም። “እስኪ ሻይ ቅጂልኝ” ብሎ እናቴን ሲጠራ ሰማሁት። ሒሳቤን ከፍዬ ቦርሳዬን በሁለት እጄ ይዤ ወረድኩ።