ሁለት ያልተገናኙ ቦክሰኞች እና የልጄ ሽማግሌዎች

ባለቤቴ ቡና ሲደርስ ሬኮ በሚገኝ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሚዛን ላይ ይሠራል። የቡናው ጊዜ ሲያልፍ ዲላ ቤታችን ተቀምጦ ቦክሰኞች ያጋጥማል። የሚያጋጥማቸው በሐሳቡ ነው። አንደኛው ከሞተ ቆይቷል፤ ሌላኛው ዛሬም ቴሌቪዥን ላይ ይታያል፤ እሱ ግን ሁለቱን አንድ መድረክ ላይ አውጥቶ ያደባድባቸዋል። ስማቸው የውጭ አገር ስም ስለሆነ ጽፌ ባበላሸው አይምረኝም። ስለዚህ አንዱን የድሮው፣ ሌላውን የአሁኑ እላቸዋለሁ።

የድሮው የባለቤቴ ነው። ፎቶውን ገና ልጅ ሳለ ከመጽሔት ቀድዶ አስቀምጦት፣ ዛሬ ቁም ሳጥናችን በር ላይ በውስጥ በኩል ተለጥፏል። ልብስ ባወጣሁ ቁጥር ቡጢውን ጨብጦ ይጠብቀኛል። የአሁኑ ደግሞ በር የማይበቃው ረጅም ሰው ነው፤ ክብደቱም ከኩንታል ያልፋል።

"ያ ክብደት አይደለም፣ ውሃ ነው" ይላል ባለቤቴ። "እሸት ቡና በይው። ማድረቂያ አልጋ ላይ አስጥተሽ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ብታስመቺው ምን ይተርፈዋል? የድሮው ግን ደርቆ የተመዘነ ነው።"

እኔ ቦክስ የማየው በነጠላዬ ውስጥ ነው። ፊቴን እሸፍንና በስሱ ጨርቅ በኩል አያለሁ። ጡጫ ባረፈ ቁጥር እናቱ ትታየኛለች። አንድ ቀን የአሁኑ የጫማው ክር ተፈትቶ ሲዘል፣ አሠልጣኙም ዳኛውም ሳያዩት እኔ ብቻ "ክሩን፣ ኧረ ክሩን" ስል ዋልኩ። ስንት ዙር እንደቀራቸው ካላወቅሁ ደግሞ ልቤ አያርፍም። ስለዚህ አንድ ዙር ባለቀ ቁጥር አንድ የቡና ፍሬ ሲኒ ውስጥ እጥላለሁ። ባለቤቴ በዚህ ይስቅብኛል።

ትልቋ ልጃችን ከተማው ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። አንድ ሰኞ ቀን ልብስ እያጠፍን ሳለ፣ የምትወደው ልጅ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ነገረችኝ። ከሆሳዕና መጥቶ ዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ የሚሠራ ጨዋ ልጅ ነው አለችኝ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ይመጣሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ሶፋው ላይ ያለችውን ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ሰፋሁ።

ረቡዕ ቀን ባለቤቴ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ፊቱ ጠቁሮ ገባ።

"ምን ሆነህ ነው?"

"አንድ ፀጉሩን ያንጨባረረ ልጅ፣ የአሁኑ የድሮውን በነጥብ ጠቅልሎ ይበላዋል አለኝ። በሰው ፊት።"

"ሰዉስ ምን አለ?"

"ሳቀ።" ኮቱን አውልቆ ሰቀለ፤ መልሶ ለበሰው። "ያ ልጅ የሚቆጣው አባት የለውም?"

እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። የሚመሯቸው ፍስሐ ገነት ከተማ ለብዙ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እንደ ወጉ ልጁ ራሱ አልመጣም፤ ሽማግሌዎቹም መልስ ሳያገኙ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ባለቤቴ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቀ። መምህሩ ሁሉንም ተናገሩና "መልኩንም እዩት" ብለው ስልካቸውን ሰጡት። ነጭ ጋውን የለበሰ ልጅ ነው። ፀጉሩ ከጋውኑ በላይ ሰፊ ቦታ ይዟል።

ባለቤቴ መነጽሩን አደረገ። ስልኩን ይዞ መስኮት ድረስ ሄደ። መነጽሩን አወለቀ።

"ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ" አላቸው።

ሽማግሌዎቹ አመስግነው ወጡ። በመጀመሪያው ቀን እሺ ማለት ልጅቷ ቤት ውስጥ የበዛች ስለሚያስመስል ማንም አያደርገውም። ልጄም ደስ ብሏት ጓዳ ገባች። የባለቤቴ መንጋጋ ሲጠብቅ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

"ለወጉ ነው የመለስካቸው ወይስ ሌላ ነገር አለ?" አልኩት።

"ለወጉ ነው።"

"ፎቶውን መስኮት ድረስ ለምን ወሰድከው?"

"ለብርሃን። እሱ ነው" አለ። "ተላጭቶ ቢመጣም አውቀዋለሁ።"

በሁለተኛው ቀጠሮ ሽማግሌዎቹ የልጁን ዲግሪ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደብዳቤና የጤና ምርመራ ወረቀት ይዘው ቀረቡ። ባለቤቴ እያንዳንዱን አገላብጦ አነበበ።

"ወረቀቱ እንከን የለውም" አለ። "ልጁ ግን ታላቅ አያከብርም።"

መምህሩ ደነገጡ። "ማንን ደፍሮ ነው?"

"የሞተ ሰው።"

ሦስቱ ተያዩ። እኛ ዘንድ ሙት መስደብ ቀላል ነገር አይደለም። መምህሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እንግዲያው የሟች ቤተሰብ ዘንድ እኛው ሄደን እናስታርቃለን። የት ነው የሚኖሩት?" አሉ።

"አሜሪካ" አለ ባለቤቴ።

ለሦስተኛ ጊዜ ተቀጠሩ። ሦስተኛው የመጨረሻ ነው፤ በዚያ ቀን እምቢ የተባለ ሽማግሌ ደጃችንን አይረግጥም። ልጄ ያን ቀን እራት አልበላችም። "እማዬ፣ በዚህ ቀልድ ልቀር ነው?" አለችኝ። ቀልድ ቢሆን ኖሮ እኔም በሳቅሁ። ባለቤቴን አውቀዋለሁ። ከታናሽ ወንድሙ ጋር በአንድ የእግር ኳስ በረኛ ተጣልቶ ሁለት የገና በዓል አልተጠያየቁም።

በሳምንቱ ባለቤቴ የድሮውን ግጥሚያ ለመቶኛ ጊዜ ከፍቶ ያያል፤ እኔም ነጠላዬ ውስጥ ሆኜ ፍሬዬን እጥላለሁ። ሲያልቅ ሲኒውን ገልብጬ ቆጠርኩት። አሥራ አምስት። ዳግመኛ ቆጠርኩ። አሥራ አምስት። የአሁኑ ሲጋጠም ግን ከአሥራ ሁለት አልፎልኝ አያውቅም፤ አሥራ ሁለተኛዋን ስጥል ነው እፎይ የምለው። ለካ የድሮው ጊዜ ግጥሚያ በሦስት ዙር ይረዝማል። የትምህርቴ ነገር ከአምስተኛ ክፍል አላለፈም፣ ቢሆንም ይሄን ያህል እቆጥራለሁ።

በነጋታው በልጄ ስልክ ልጁን አናገርኩት።

"ልጄ፣ የአሁኑ የድሮውን ያሸንፈዋል ያልከው በስንት ዙር ነው?"

"በ… በአሥራ ሁለት ነዋ፣ እማማ።"

"አሥራ አምስት ቢሆንስ?"

"አሥራ አምስት ከሆነማ የአሁኑ ትንፋሽ አይኖረውም። የድሮው መጨረሻ ላይ ይጥለዋል። በአሥራ ሁለት ከሆነ ግን እማማ፣ ምንም ጥያቄ የለውም፣ የአሁኑ…"

"በቃ ልጄ። እዚያው ላይ አቁም።"

መምህሩን ቤታቸው ድረስ ሄጄ የልጁን መልስ ነገርኳቸው። የፊተኛውን ግማሽ ብቻ ለባለቤቴ እንዲያደርሱልኝም ለመንኳቸው። አገጫቸውን አሻሹ።

"ግማሹን መናገር ውሸት አይሆንብኝም?"

"መምህር፣ ሙሉውን ለመናገርማ ሽማግሌ ምን ያደርጋል? ልጁ ራሱ አይመጣም ነበር?"

ሳቁ። እሺ ይበሉኝ እምቢ ሳላውቅ ተመለስኩ።

በሦስተኛው ቀጠሮ እንደ ወጉ ቆሙ። ልጄ ከመጋረጃው ጀርባ ናት፤ ጣቶቿ ጨርቁን ጨምድደው ይታዩኛል። መምህሩ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

"ልጁ ልኮናል። የድሮው በአሥራ አምስት ዙር ያሸንፋል ብሏል።"

ባለቤቴ ቀና አለ። "ራሱ ነው ያለው?"

"ራሱ።"

"አሥራ አምስት ብሎ?"

"አሥራ አምስት ብሎ። የአሁኑ ትንፋሽ የለውም ብሏል።"

"ውሃ ነዋ" አለ ባለቤቴ ለራሱ። ከዚያ ዓይኑን አጠበበ። "ሌላ ያለው ነገር የለም?"

መምህሩ እኔን አዩኝ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ስቤ ነበር። እኚህ ሰው በዕድሜያቸው ሙሉ ያልተሟላ መልስ በቀይ ሲያርሙ የኖሩ ናቸው።

"ሌላም ብሏል" አሉ። "ልጅህን አጥብቆ ይወዳታል።"

ባለቤቴ ሶፋውን፣ የሰፋኋትን ቦታ፣ በእጁ መታ መታ አደረገ።

"ቁጭ በሉ እንጂ" አላቸው።

ዛሬ አማቻችን እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ይመጣል። ፀጉሩ እንዳለ ነው። ከባለቤቴ ጋር ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሲኒ ያስቀምጡና የድሮውን ከአሁኑ ያጋጥማሉ። እያንዳንዱን ዙር ተከራክረው አንድ ፍሬ ለአንዱ ይሰጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ብዙ ጊዜ ለአሁኑ ይወድቃሉ፤ ባለቤቴም ገና ነው እያለ ይታገሳል። እኔ ከበሩ ሥር ተቀምጬ በልቤ እቆጥራለሁ። አሥራ ሁለተኛዋ ፍሬ ስትወድቅ ሳሕን ይዤ ገብቼ ሲኒዎቹን አነሣለሁ።

"ሦስት ዙር ይቀረናል እኮ" ይላል ባለቤቴ።

"እንዴ አባባ፣ አሁንማ አለቀ…" ይጀምራል አማቻችን።

"ቆጮው ይቀዘቅዛል" እላለሁ።

እስካሁን ሁለቱም አሸናፊ ነን ብለው ነው የሚበሉት። ባለፈው እሑድ ግን አማቻችን ምሳውን ትንሽ እናቆየው አለኝ፤ ባለቤቴም ደግፎት ራሱን ነቀነቀ። ስለዚህ አሁን ሽታው በአሥራ ሁለተኛው እንዲጠራቸው ወጡን የማሞቀው ከአሥረኛው ዙር ጀምሬ ነው።