ሐኪሙ ቤት ዋይፋይ ታመመ

ሰፈሩ «ሐኪሙ» ይለዋል፤ መርፌ ጨብጦ አያውቅም፣ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ማሽን ባስነጠሰ ቁጥር ሲሮጥ ኖሮ፣ በዚያ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የተመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሶፋው። ገና ጋደም ከማለቱ ልጁ ጮኸች።

«አባዬ፣ ዋይፋዩ የለም!»

የሥራ ፈተናዋ ሊከፈት አርባ ደቂቃ ቀርቶታል። በስልክ አይሠራም፤ በኮምፒውተር ብቻ። ካመለከተችባቸው ሠላሳ መሥሪያ ቤቶች ለፈተና የጠራት ይሄ አንዱ ብቻ ነው።

ሐኪሙ እያቃሰተ ተነሳ። ላፕቶፑ በዕድሜ ልጅቷን ሊያክል ምንም አልቀረው፤ «ለሽማግሌ የሚራራው እሱ ነው» ብሎ ሊኑክስ የሚባለውን ቀላል ሲስተም የጫነበትም ራሱ ሐኪሙ ነው። ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ ትእዛዝ ጻፈ።

ማሽኑ «ዋይፋይ ተዘግቷል» አለው። ክፈት አለው። «ተዘግቷል።» አጥፍቶ አበራው። «ተዘግቷል።» ዋይፋዩን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ እንደ አዲስ ልጫን ቢል፣ ከኢንተርኔት አውርድ ተባለ።

«ጉድ እኮ ነው! ጉድጓድ ለመቆፈር ከጉድጓዱ ውሃ ቅዳ ይለኛል!»

አማቱ ጨርቃቸውን ይዘው ብቅ አሉ። እኚህ ሴት የማይወለውሉት ነገር የለም፤ ድመቷ እንኳ ስታያቸው ተራዋ የደረሰ መስሏት ትሸሻለች።

«አቧራ ይሆናላ፣ የኔ ልጅ።»

«እማማ፣ አቧራ አይደለም።»

«ጠዋት እኮ ጥርግ አድርጌ ወልውዬዋለሁ።»

«አዎ፣ መስታወት አስመስለውታል። አሁን ይተዉኝ።»

«ወይ ሐኪም! የጎረቤት ይድናል፣ የቤትህ ይሞታል።»

አምስት ደቂቃ ቀረ። ልጅቷ ጥፍሯን በልታ ጨርሳ ወደ ጣቷ ተሻግራለች። ሐኪሙ የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ ሊያበድር በገመድ ሰካው፤ ገመዱ ግን ቻርጅ ከማድረግ ሌላ ሙያ አልነበረውም። ሐኪሙ እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሳ።

«ደከመኝ፣ ልጄ» አለ።

አማቱ «ይተዉኝ» በመባላቸው የያዙትን ቅያሜ በጨርቁ ተወጡት፤ የላፕቶፑን ጎን ፈግፈግ አድርገው ጠረጉት። ቀጭ! ሰማያዊ መብራት በራ።

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየ። ጎኑ ላይ ጥፍር የምታህል የዋይፋይ ማብሪያ አለች፤ ጠዋት ጨርቁ ወደ ኋላ ገፍቷት፣ አሁን ወደ ፊት መልሷታል። ለደንበኛ ሁሉ «መጀመሪያ ማብሪያውን እዩ» ሲል የኖረ ሰው!

ልጅቷ ሁለት ደቂቃ ሲቀራት ገባች፤ ፈተናው ላይ አቀረቀረች። አማቱ ጨርቃቸውን እንደገና ሲያነሱ ሐኪሙ ወንበር ስቦ ላፕቶፑ ጎን ተቀመጠ፤ አውራ ጣቱን ማብሪያዋ ላይ አድርጎ ዘብ ቆመላት። ፈተናው ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሶፋው ከማዶ ያየዋል።