ጥላው ያረፈበት ቅጠል

የቤተ ሙከራው ውጤት አንድ ገጽ ተኩል ነበር። ግማሽ ገጹ ምስጋና ነው፤ ለኃላፊዎች፣ ለክፍሉ ሠራተኞች፣ «ለተባበሩን ሁሉ»። ለአይጦቹ ምስጋና የለም። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልዬ በቦርሳዬ ይዤ ከጎንደር ወደ ኮሶዬ ስወጣ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ሦስት ጊዜ አውጥቼ አነበብሁት። ሦስቱንም ጊዜ የሚለው ያንኑ ነው፤ ቅጠሉ አይገድልም፣ አያድንም።

ይህን ወረቀት የፈለግሁት እኔ ነኝ። የሳይንስ ፍቅር አድሮብኝ አይደለም። አንድ ሞት ነበረብኝ፤ ከእሱ ነጻ የሚያወጣኝ ማኅተም ያለበት ወረቀት ፈልጌ ነው።

የአባቴ ታላቅ ወንድም ከኮሶዬ ወረድ ብሎ ባለ መንደር ይኖራሉ። አያ እላቸዋለሁ። ዜማና ቅኔ የተማሩ፣ ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ መቋሚያ ተደግፈው ማኅሌት የቆሙ ሰው ናቸው፤ አገር የሚያውቃቸው ግን ለወፍ በሽታ በሚሰጡት መድኃኒት ነው። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ከደጋውም ከቆላውም ወደ እሳቸው ይመጣል። ቅጠሉን ያሳዩአቸው አባታቸው ናቸው፤ ለአባታቸውም የእሳቸው አባት። ስሙ አይነገርም። የሚቆረጠው ረቡዕ ወይም ዓርብ፣ ወፍ ሳይንጫጫ፣ ቆራጩ አፉን ዘግቶ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥላ አያርፍበትም፤ የሰው ጥላ የነካው ቅጠል ከዚያ ወዲያ የከብት መኖ ነው ይላሉ። ፀሐይ ሳይወጣ የሚሄዱትም ለዚሁ ነው። ይህን ሥርዓት የዚያ ቤት ልጅ ሁሉ ፊደል ሳይቆጥር ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ፤ አውቄ ነው የናቅሁት።

እንጀራዬ መናቅ ነው። ጋዜጣና መጽሔት ላይ የምጽፈው ሰው ሁሉ አዎ ባለበት አይደለም ለማለት ነው። በወጣትነቴ የደብተራን መድኃኒት የሚያብጠለጥል ጽሑፍ ጻፍሁ፤ አያ ለሁለት ዓመት አላነጋገሩኝም። ጎልማሳ ስሆን፣ ሰው ሁሉ ሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ሲል፣ የሐኪሞችን ትዕቢት የሚዘልፍና የአባቶችን ቅጠል የሚያሞግስ ጻፍሁ። ሁለቱም ተወደዱልኝ። እንዴት አንድ ሰው ሁለቱን ይጽፋል ብሎ የጠየቀኝ አንባቢ አልነበረም፤ እኔም ይህን ነጻነት ብዬ ቆጠርሁት።

ያንን ሁለተኛውን ጽሑፍ በመጻፍ ላይ ሳለሁ ስልክ ተደወለ። የአያ የመጨረሻ ልጅ ባል ነው። ሚስቱ ዓይኗ ቢጫ ሆኗል፣ ምግብ አልዋጥ ብሏታል።

«ጎንደር ላምጣት ወይስ የአባቷን ትጠጣ? አንተ ምን ትላለህ?» አለኝ።

እሷን በልጅነቷ አዝያታለሁ። ባለወረቀቱ ነበር የምትለኝ፤ መጽሔት በሰደድሁላት ቁጥር አንብባ ስትጨርስ «አሁን ይኼ ጠብ ከማን ጋር ነው?» ብላ ታስቅብኝ ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ እሷን አላሰብሁም። ያሰብሁት ፊቴ ያለውን ዓረፍተ ነገር ነው።

«እዚህ መጥታ ኮሪደር ላይ ወረፋ ስትጠብቅ ከምትውል የአባቷን ትጠጣ» አልሁት። «አንድ ሳምንት እይዋት።»

ያን ሳምንት መንገዱ ክፍት ነበር። ይህን የምጽፈው ዛሬ በተኩስ ምክንያት መንገድ ክፍት የሚሆንበት ሳምንት በጣት ስለሚቆጠር ነው። በዘጠነኛው ቀን ሲያመጧት ማንነቴን አላወቀችም። ወጣቱ ሐኪም የዓይኗን ቆብ ገልጦ አየና «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» አለ። ባሏ መሬት መሬት አየ። እኔም አየሁ። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ጽሑፉ በተከታዩ ወር ወጣ። ብዙ ሰው ደውሎ አመሰገነኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ፤ ያ ቅጠል ይሠራል ወይስ አይሠራም?

ጎንደር ውስጥ የባህል መድኃኒት ቅጠሎችን የምትመረምር አንዲት ተመራማሪ አውቃለሁ። ከእኔ በብዙ ዓመት ታንሳለች፤ ትሕትናዋ ግን ምላሷን አያስርላትም።

«ጋሼ፣ ቤተ ሙከራን ነጭ ካባ የለበሰ ጠንቋይ ቤት ነው ብለው የጻፉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለችኝ።

«ተሳስቼ ይሆናል።»

«እስቲ ይህንንም ይጻፉልን!»

ቢሆንም ተቀበለችኝ። ከነአበባው፣ ከነግንዱ፣ በጋዜጣ መካከል ተጫጭኖ ይምጣልኝ አለች፤ ምን ዓይነት ተክል እንደሆነ ሳይለይ ሥራ አይጀመርም።

አያን ሁለት ጊዜ ሄጄ ለመንኋቸው። ሁለቱንም ጊዜ ስለ ገብሱ አወሩኝ። በሦስተኛው ግን ገና ነገሩን ሳነሣ «ተነሥ እንሂድ» አሉ። ማክሰኞ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ከድንጋይ ካቡ ሥር ወደበቀለ ቁጥቋጦ ወሰዱኝና በከዘራቸው ጫፍ ነካ አድርገው «ይኸውልህ» አሉ። እኔ በመቀስ ስቆርጥ እሳቸው ፀሐዩን በጀርባቸው ይዘው ቆመው ስለ ጎረቤታቸው በሬ ያወሩልኛል። በሬው በደህና ቀን ገደል ገብቷል፤ ጎረቤታቸው ደግሞ የሰው ዓይን ነው ይላል። ጥላቸው ቁጥቋጦው ላይ እንዳለ ተጋድሟል። አየሁት። አይቼም ደስ አለኝ። «ሽማግሌው በመጨረሻ ከአጉል እምነት ወጡ» ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍሁ።

ተመራማሪዋ ተክሉን አስለይታ ስትጨርስ ደስታዋ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። ይህን ተክል ለጉበት የሚሰጥ ሰው ሰምታ አታውቅም፤ አዲስ ነገር ነው። ደረቀ፣ ተፈጨ፣ ተዘፈዘፈ፣ ተጠለለ። ጉበታቸው በኬሚካል የተጎዳ አይጦች ቀረቡ። ከፊሎቹ ቅጠሉን በቀጭን ቱቦ እየተጋቱ፣ ከፊሎቹ ውሃ ብቻ። እኔ የትም ቦታ በሰዓቱ ደርሼ የማላውቅ ሰው በየጠዋቱ እየሄድሁ «ያቺ ጅራቷ ላይ ሰማያዊ ምልክት ያለባት ዛሬ በላች?» እል ጀመር። «ጋሼ፣ ዘመድዎ ናት እንዴ?» ትለኛለች ተመራማሪዋ።

ምን እንደምፈልግ አውቅ ነበር። አይጦቹ ከዳኑ መድኃኒቱ ይሠራል፤ የሰጠሁት ምክር የእብድ ምክር አልነበረም፤ ቀኗ ደርሶ ነው። አይጦቹ ከሞቱ ደግሞ የገደላት መርዝ ነው፤ መርዙም የእኔ አይደለም። በሁለቱም በር መውጫ አለኝ። ያላሰብሁት ሦስተኛውን ነበር። ቅጠል ያልጠጡትና የጠጡት አይጦች አንድ ሆኑ። ይህ ማለት እሷ ዘጠኝ ቀን ሙሉ፣ መንገዱ ክፍት ሆኖ፣ መኪናው ከመንደሩ በላይ እያለፈ፣ ውሃ ስትጠጣ ነበር ማለት ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አያ መደብ ላይ ተቀምጠው ወረቀቱን አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«አይጦቹስ ምን ሆኑ?» አሉ።

«ተገደሉ። ጉበታቸው ተከፍቶ መታየት አለበት።»

«የዳኑትም?»

«የዳነ የለም፣ አያ።»

«ሸጋ ሕክምና ነው» አሉ። ከዚያ ከዘራቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩት። «ምነው፣ አላየህም እንዴ? ጥላዬ እኮ አርፎበት ነበር።»

አልገባኝም። እሳቸውም እንዳልገባኝ አዩ።

«በማክሰኞ፣ በፀሐይ፣ ያን ሁሉ እየለፈለፍሁ! የዚህ ቤት ልጅ ነው፣ ይገባዋል፣ መቀሱን አጥፎ ይመለሳል ብዬ ነው። አንተ ግን ገባህበት። እሱማ የአጥር ቅጠል ነው፤ ፍየል እንኳ አይቀምሰው።»

ወሩ ሁሉ፣ አይጦቹ ሁሉ፣ የዚያች ተመራማሪ ደስታ ሁሉ አንድ ላይ ፊቴ ላይ መጣ። ጮኽሁባቸው።

«እምቢ ለምን አላሉኝም?»

«የወንድሜን ልጅ? ደጄ ድረስ መጥተህ? አፌ አይችልም።»

እምቢታቸውን በሚያውቁት ቋንቋ ነግረውኛል። መንደሩ ውስጥ ማንም መሀይም ያን ጥላ አይቶ ይመለስ ነበር። ያን ያህል መጽሐፍ ያነበብሁት እኔ ግን ጥላውን እድገት ነው ብዬ ተረጎምሁት።

«እንግዲያው እውነተኛውን ይስጡኝ» አልሁ። «እንደገና ይታይ።»

«ታይቶስ? ይሠራል ቢሉህ፣ ልጄ ምነው ሞተች? አይሠራም ቢሉህ፣ እኔ ምን ሳጠጣት ነበር? የትኛውን ልታነብልኝ ነው የምትመጣው?»

ሁለት ዓመት ሙሉ የደበቅሁትን አወጣሁት።

«አያ፣ አንድ ሳምንት ትቆይ ብዬ በስልክ የተናገርሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ። «ባሏ ስልኩን ጮክ አድርጎት ነበር። ሁላችን ሰማን። እሷም ሰማች።»

«ምን አለች?»

«እኔማ ጎንደር ትሂድ ብዬ ነበር። እስከ መኪናው መንገድ የምታደርሳት በቅሎ ሁሉ አስጭኛለሁ። እሷ ናት እምቢ ያለች። ‹ባለወረቀቱ ካለማ› አለችና ጠጣች።»

ወረቀቱን አጥፌ ወደ ላስቲኩ መለስሁት።

በማግሥቱ ልመለስ ስወጣ መንገዱ ተዘግቷል ተባለ። ተኩስ የሰማ አለ፣ ያልሰማ አለ፤ መኪና ግን ቀጥ ብሏል። ረፋድ ላይ አንድ ገበሬ ሚስቱን በቅሎ ላይ አስቀምጦ ከቆላው ወጣ። አያ ሴትዮዋን ወደ ብርሃኑ አዞሯትና በአውራ ጣታቸው የዓይኗን ሥር ሳብ አድርገው አዩ። ከአደይ አበባ የባሰ ቢጫ ነው። አያ ቀና ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ይኼ ከጎንደር የመጣ የወንድሜ ልጅ ነው፣ የተማረ ነው» አሏቸው። ከዚያ ለእኔ፦ «ምን እንበላቸው?»

«ጎንደር ይውሰዳት» አልሁ። «ዛሬውኑ።»

ባልየው መጀመሪያ እኔን አየኝ፣ ቀጥሎ ባዶውን መንገድ። «በምን ጌታዬ?» አለ። ስድብ አልነበረም፤ መንገድ የማውቅ መስሎት ነው የጠየቀኝ።

አያ የበቅሎዋን ልጓም ከባልየው እጅ ተቀበሉ።

«ነገ ዓርብ ነው» አሉ አያ።

ንጋት ላይ የበሩ መቀርቀሪያ ሲነሣ ሰማሁ። ተነሥቼ ብከተላቸው ቅጠሉን አየው ነበር፤ ሁለት ዓመት የፈለግሁት ነገር ከእኔ የሚርቀው የአንድ ሽማግሌ እርምጃ ያህል ነበር። ጋቢዬን ወደ ላይ ስቤ ወደ ግድግዳው ዞርሁ። ወፎቹ መንጫጫት የጀመሩት እሳቸው ከተመለሱ በኋላ ነው፤ ስነሣ ቅጠሉ ተወቅጦ ውሃ ገብቶበታል፣ ምን እንደነበር አይለይም።

ሴትዮዋ ጣሳውን በሁለት እጇ ተቀበለች። አፏ ጋ አድርሳ ቆም አለችና፣ ከጣሳው ከንፈር በላይ በቢጫ ዓይኗ እኔን አየችኝ። የተማረ ነው ተብላለች። ባሏም አየኝ። አያ ግን መሬቱን ነበር የሚያዩት።

በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁላት። ጠጣችው።