ማሊያው ጀርባ ላይ የተጻፈው ስም

ሥራዬ የሰውን ክፉ ዕድል ማስላት ነው። ሳንድተን ባለ አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ ቁጭ ብዬ የማን ቤት ሊቃጠል፣ የማን መኪና ሊሰረቅ እንደሚችል በወረቀት አሰፍራለሁ። ስለዚህም በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ የኳስ ክርክር በተነሳ ቁጥር ሰው ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚዞረው። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ወንዶቹ መኪኖቹ መሐል ይቆማሉ፣ ሚስቶቻችን «እንሂድ እንጂ!» እያሉ ይጣራሉ፣ እኔ ግን የመጨረሻውን ቃል ሳልናገር ንቅንቅ አልልም። ይህችን ክብር እወዳት ነበር። እስከዚያች እሁድ ድረስ የተቀናቀነኝም አልነበረም።

የዚያን ቀን ክርክሩ ስለ ኮሌጆች የእግር ኳስ ጥሎ ማለፍ ነበር። ለግማሽ ፍጻሜ አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲና አንድ ትንሽ የቴክኒክ ኮሌጅ ተገናኝተዋል። ዩኒቨርሲቲው የራሱ ስታዲየም፣ የራሱ ሐኪም፣ የራሱ አውቶቡስ አለው። ኮሌጁ የመለማመጃ ሜዳ እንኳን የለውም፤ ልጆቹ ወደ ጨዋታ የሚሄዱት ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ተጠቅጥቀው ነው። ለእኛ ሰፈር ነገሩ ትልቅ የሆነው የኮሌጁ በረኛ የባልንጀራዬ ልጅ ስለሆነ ነው። በዩኒቨርሲቲው ተጠባባቂ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ደግሞ የእኔ ልጅ ነው።

ባልንጀራዬና እኔ ሁለታችንም የሆሳዕና ልጆች ነን። እኔ እዚህ አገር ዲግሪ ይዤ መጣሁ፤ እሱ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ዛንድስፕሩት ውስጥ፣ ከቆርቆሮ ቤቶቹ መሐል ስፓዛ አለው፤ ዳቦና ወተት፣ ኤርታይም የሚሉት የስልክ ካርድና ሻማ በብረት ፍርግርግ በኩል የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ናት። በሁለት ዓመት ብቻ ብበልጠው «ጋሼ» ይለኛል። ደብዳቤ ሲመጣለት የማነበው፣ ፎርም ሲሰጡት የምሞላው እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ በሁሉም ነገር ስበልጠው ኖሬያለሁ። ደግ ሆኜለት የኖርኩትም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ልጆቻችን ያደጉት አብረው ነው። ከሱቁ ጀርባ ባለች ባዶ ቦታ ኳስ ሲጫወቱ ኳሱን የገዛሁት እኔ ስለነበርኩ የእኔ ልጅ አጥቂ ይሆናል፣ የእሱ ልጅ ግብ ይጠብቃል። ከዓመታት በኋላ ግብ የሚጠብቀው ልጅ በረኛ ሆነና ስሙ ገነነ፤ አጥቂው ወንበር ማሞቅ ያዘ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!» አለ የመዘምራኑ መሪ ክርክሩን ሲከፍት። «ዳዊት ጎልያድን አልጣለም እንዴ?»

«ዳዊትማ ወንጭፍ ነበረው» አልኩት። «የእነዚህ አጥቂ ወንጭፉን ታክሲ ውስጥ ረስቶት ነው የሚመጣው።»

ሳቁልኝ። አሌክሳንድራ ውስጥ ሱቅ ያለው አንድ ጎረምሳ ግን እጁን አወናጨፈ። «ኖ፣ ጋሼ! ኳስ ድቡልቡል ናት። ደግሞ በረኛውን ረሳኸው። ያ ልጅ ሻፕ ነው፣ ሻፕ!»

«ድቡልቡል በመሆኗማ ነው ወደ መረብ የምትንከባለለው» አልኩ። በዚህኛው የሳቀ አልነበረም። በረኛው እንዲህ ዘለለ፣ በረኛው እንዲያ ያዘ እያሉ ወሬውን ሁሉ ወደ እሱ ወሰዱት። ከዚያ አንዱ «የበረኛው አባት እዚህ ቆሞ እኛ ምን እንለፈልፋለን!» ብሎ የባልንጀራዬን ትከሻ መታ መታ አደረገ። ሌሎቹም ተከተሉ። የተጠባባቂውን አባት ትከሻ የነካ አልነበረም። 

ባልንጀራዬ ግን ከሁሉም ይልቅ እኔን ነበር የሚያየው። «ጋሼ፣ አንተ ታውቃለህ» አለኝ። «እውነቱን ንገረኝ፣ ስንት ለስንት ነው የምንወጣው?»

«አራት ለባዶ» አልኩት።

ያንን ቁጥር የትም አላሰላሁትም፤ ከሆዴ ነው ያወጣሁት። ፊቱ ሲወድቅ አየሁና ደስ አለኝ። ይህንን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ደስ አለኝ።

ባልንጀራዬም «ልጄ አራት ጊዜ ኳስ ከመረብ ሲያወጣ ብቻውን መሆን የለበትም» አለ። «ቅዳሜ ሱቁን እዘጋለሁ። ትወስደኛለህ?»

ልጁ ሲጫወት አንድም ቀን አይቶ አያውቅም ነበር። ቅዳሜ ለስፓዛ ዋናው የገበያ ቀን ነው፤ በዓመት በዓል እንኳን አይዘጋም። እኔ ለማሳዘን የተናገርኩት ቃል እሱን ወደ ስታዲየም ወሰደው። ቤት ስንገባ ሚስቴ ጫማዋን እያወለቀች «አራት ለባዶ? አንተ ሰውዬ ቀንተሃል» አለችኝ። ቀጥላም «ቅንዓት አጥንትን ያነቅዛል» የሚለውን ቃል አነበነበችልኝ። ጥቅሱን ከእሷ ባላነሰ አውቀዋለሁ። የማላውቀው ማቆሚያውን ነበር።

ቅዳሜ ልወስደው ስሄድ የሰርጉን ሙሉ ልብስ ለብሶ ሱቁ ደጅ ላይ ጠበቀኝ። ወገቡ ላይ ጠቦታል። ዳቦ ሊገዙ የመጡ ሴቶች በሩ መዘጋቱን ሲያዩ «ማይ ፍሬንድ፣ ምን ሆንክ? ታመምክ?» እያሉ ከበቡት። በታውንሺፑ፣ ማለት በድሆቹ ሰፈር፣ የሐበሻ ባለ ሱቅ ሁሉ ስሙ «ማይ ፍሬንድ» ነው። አሥራ ስድስት ዓመት እዚያ ሲሸጥ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የጠየቀው ደንበኛ የለም። እሱም ለሁሉም «ሳውቦና፣ ሳውቦና» እያለ ሰላምታ ሰጥቶ መኪናዬ ውስጥ ገባ።

ስታዲየሙ ውስጥ በኮሌጁ ደጋፊዎች በኩል ተቀመጥን። ልጄ ባሻገር፣ በዩኒቨርሲቲው ወንበር ላይ ኮፍያውን ደፍቶ ይታየኛል። በእኛ በኩል ያሉት ተማሪዎች ቩቩዜላ እየነፉ፣ እየዘለሉ ሲሚንቶውን ያናውጡት ነበር። ባልንጀራዬ ሩቅ ማየት ያስቸግረዋል። መነጽር ግዛ ስለው «ባንኮኒዬን ለማየት ዓይኔ ይበቃል» እያለ ዓመታት አሳልፏል። «የትኛው ነው?» አለኝ። «ብርቱካናማ የለበሰው» አልኩት። ከዚያ በኋላ ከብርቱካናማው ቀለም ላይ ዓይኑን አልነቀለም።

ልጁ መጀመሪያ አንድ ጠንካራ ምት በጣቱ ጫፍ አወጣ። ቀጥሎ ፊት ለፊት የመጣ አጥቂ እግር ሥር ተወረወረ። ሦስተኛዋን፣ የፍጹም ቅጣት ምቷን፣ ወደ ግራ ተዘርግቶ ሲይዛት የተማሪው ጩኸት ሌላ ሆነ። አንድ ቃል እየጎተቱ፣ በጭብጨባ እየቆረጡ መጥራት ጀመሩ። መጀመሪያ እኔም አልገባኝም። ልጁ ኳሷን ሊያስቀምጥ ጀርባውን ሲያዞር ግን በመነጽሬ ፊደሎቹን አነበብኳቸው። የባልንጀራዬ ስም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሐበሻ ስም የልጅና የአባት ነው፤ ቤተሰብ ተሰልፎ የሚጋራው ስም የለንም። ይህ አገር ግን «ሰርኔም» ይላል፤ አባትም ልጅም በአንድ ስም እንዲጠሩ ይፈልጋል። ልጆቻችን ከአገር ቤት በመጡበት ዓመት የሁለቱንም የትምህርት ቤት ፎርም በአንድ ቀን የሞላሁት እኔ ነበርኩ፣ በስፓዛው ባንኮኒ ላይ። ለእኔ ልጅ ሕጉን አውቃለሁና የእኔን ሰርኔም፣ ማለትም የአባቴን ስም ጻፍኩ። ለእሱ ልጅ ስጽፍ ግን ደንበኛ እየተንጫጫ፣ እሱም እየሸጠ እየመለሰልኝ፣ እጄ በለመደው ሄደና የልጁን ስም፣ ቀጥሎ የባልንጀራዬን የራሱን ስም አሰፈርኩ። በስሙ መሐል ጉሮሮ የሚፈልግ ፊደል አለ፤ ለእሱ የሚሆን የእንግሊዝኛ ፊደል ስለሌለ እንደ መሰለኝ ፈጥሬ ጻፍኩት። ስህተቴን ያወቅሁት ቆይቼ ነው፤ ማንም ስላልጠየቀኝ ዝም አልኩ።

ማሊያ ላይ የሚታተመው ሰርኔሙ ነው። ስለዚህ የእኔ ልጅ ጀርባ ላይ ያለው አባቴ ነው፤ ነፍሱን ይማርና ኳስ የሰነፍ ሥራ ነው ሲል የሞተ ሰው። የእሱ ልጅ ጀርባ ላይ ያለው ግን ራሱ እሱ ነው። በገዛ እጄ የጻፍኩትን ስም አንድ ስታዲየም ሙሉ ሰው ይጮኸዋል። ባለዲግሪው እኔን በስሜ የሚጠራኝ ቢሮ ውስጥ ያለው ጥበቃ ብቻ ነው፣ እሱም አጣሞ።

ባልንጀራዬ አልለየውም። ፊደሉ ተጣሟል፣ ዜማው አስረዝሞታል፤ ደግሞስ ልጅ ሲጫወት የአባቱን ስም የሚጠራ ማን አለ? የእሱ ዙሉኛም ከዳቦና ከኤርታይም አያልፍም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ምንድን ነው የሚሉት?» አለኝ።

ማለት የነበረብኝ አንድ ቃል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«የዙሉ ዘፈን ነው» አልኩት።

«ለማን ነው?»

«ለአጥቂያቸው።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያም ሰው እንዳይቀየመው ብሎ ከተማሪዎቹ ጋር አብሮ ያጨበጭብ ጀመር፤ በራሱ ስም ላይ። ጥቂት ቆየና ደግሞ «ለልጄስ አይዘፍኑለትም?» አለኝ።

«ለበረኛ መቼ ይዘፈናል!» አልኩት።

ከዚያ በኋላ አንዲትም ኳስ በቅጡ አላየሁም። ልጁ ባዳነ ቁጥር ስሙ ይነሳል፣ ባልንጀራዬም ያጨበጭባል። ልንገረው ብዬ ሁለት ጊዜ ወደ እሱ ዞርኩ። ሁለቱንም ጊዜ ሲነግሩት ፊቱ እንዴት እንደሚበራ አሰብኩና ያንን ለማየት አቅም አጣሁ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ከማዕዘን የተሻገረች ኳስ የኮሌጁን ተከላካይ ጉልበት ነክታ ገባች። አንድ ለባዶ። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሲነፋ በረኛው ሣሩ ላይ በደረቱ ተደፋ። ደጋፊዎቹ ግን አልሄዱም፤ ቆመው ያንኑ ስም ጠሩ። የእኔ ልጅ ከተጠባባቂው ወንበር ተነስቶ ሜዳውን አቋርጦ ሮጠና ጓደኛውን ደግፎ አነሳው። አንድም ደቂቃ አልተሰለፈም፤ ቡድኑ አሸንፏል፤ እሱ የሚያለቅሰው ከተሸነፈው ጋር ነበር።

ወደ ዛንድስፕሩት ስንመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ባልንጀራዬ ክራቫቱን ፈታ አደረገ። «አራት ብለህ ነበር፣ በአንድ ወጣን፤ ጌታ ይመስገን» አለ። ትንሽ ከሄድን በኋላ «ግን ጋሼ፣ አንድ ነገር ቅር ብሎኛል። ያንን ሁሉ ሲያድን አንድ ሰው እንኳን ስሙን አልጠራለትም» አለኝ።

አሁን ብነግረው «ቅድም ለምን ደበቅኸኝ?» ይላል ብዬ ፈራሁ። መሪውን ጨብጬ ነዳሁ።

ሮቦቱ፣ እዚህ የትራፊክ መብራቱን እንዲያ ነው የሚሉት፣ ቀይ በርቶ ቆመን ሳለ ስልኩ ጮኸ። የላከለት የእኔ ልጅ ነበር፤ ከሜዳው መሐል የቀረጸው ቪዲዮ። ከእኔ ጋር በእንግሊዝኛ ብቻ የሚያወራው ልጄ በአማርኛ ይጮሃል፦ «ጋሼ፣ ሊስን! ሰማህ? ስምህን እኮ ነው የሚጠሩት! ማሊያው ላይ ያለው ያንተ ስም ነው! ስታዲየሙ በሙሉ!» ከጀርባው ያ ድምፅ፣ ያ ጭብጨባ ይሰማል።

ባልንጀራዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ደገመው። ከንፈሩ ከድምፁ ጋር እየተንቀሳቀሰ ስሙን ፊደል በፊደል አገኘው።

«ይሄ እኮ እኔ ነኝ» አለ። ወደ እኔ ዞረ። «አንተም አልሰማኸውም ነበር?»

ዓይኑ ውስጥ ጥርጣሬ ፈለግኩ። ቢኖር ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

«አልሰማሁም» አልኩት።

«አይ እኛ! ሁለታችንም ደንቁረን ዋልና» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ወዲያው ቆመ። «ያ ሁሉ ሰው ሲጠራኝ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ? ምን ዓይነት ሰው ነው ብለውኝ ይሆን?»

ሮቦቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላችን ያለው ታክሲ ጥሩንባውን ነፋ። ባልንጀራዬ ቪዲዮውን ለሦስተኛ ጊዜ ከፈተ። ተማሪዎቹ ስሙን ሲጠሩ ወንበሩ ላይ ቀና አለ፣ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋና ቀስ ብሎ «አቤት» አላቸው።